ትርፍ አንጀት

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ቡናው ቀልቶ ለቀማው ደርቷል፤ ዝናቡ ግን አልወጣ ብሎ ከሰዓት በኋላ እየተመለሰ ያስቸግር ነበር። ልጄ ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቀይ ቡና ይመዝናል። በለቀማ ሰሞን በማለዳ ወጥቶ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው የሚገባው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጭቃ ከያዘው ቦቲ ጫማው ጋር ሲታገል ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰበሰበና ቀበቶውን አየሁት።

ቀበቶው የአባቱ ነበር። አባቱ ካረፈ ጀምሮ እሱ ነው የሚታጠቀው። ባለቤቴ በመጨረሻ ወራቱ ሲከሳና ሱሪው አልቆምለት ሲል፣ ምስማር በእሳት አግሎ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ራቅ አድርጎ አንድ ቀዳዳ በስቶበት ነበር። ጠርዙ የተቃጠለ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ልጄ ሙሉ ሰውነት ያለው ነውና ያን ቀዳዳ ተጠቅሞበት አያውቅም። ያን ዕለት የቀበቶው ዘለበት እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል።

“ከስተሃል” አልኩት።

“በለቀማ ማን ይወፍራል፣ እማዬ?”

“ያምሃል?”

“ደክሞኝ ነው።”

ሌላ አልጠየቅኩትም። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዐይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም። አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ደጋግሞ ውኃ ሲያፈስ ሰማሁና ውጭ ቆሜ ጠበቅኩት።

“ደም ነው?” አልኩት ሲወጣ።

እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ። ከዚያ፣ “ኪንታሮት ነው። ሰው ሁሉ ያለበት ነገር ነው” አለኝ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ቴፒ ይኖር የነበረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም “ኪንታሮት ነው” ሲባል፣ ቅጠል ሲቀቀልለት ቆይቶ ሞተ። ባለቤቴ ደግሞ “ጨጓራ ነው” እያለ ተልባና ወተት ሲጠጣ ከረመ። ጅማ ስንደርስ ከትልቁ አንጀት ተነሥቶ ጉበቱን ይዞታል አሉን። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም። ሐኪሙ እኔንና ልጄን ለብቻ ጠርቶ ነው ካንሰር መሆኑን የነገረን። ስንወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊታችንን አየና ምንም ሳይጠይቅ “ወደ ቤቴ ውሰዱኝ” አለ። ሳይጠይቀን መቅረቱ ለብዙ ጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች ቤታችን መጥተው በልጄ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። በአባቶቹ ቤት ሲወርድ የመጣው የዘር እርግማን በኢየሱስ ስም ተቆርጧል ብለው አወጁ፤ አሜን አልን። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎት የነበረው ልጄ ያን ቀን በላ። ለዚያ ጸሎት ያኔ አመስግኛለሁ፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። አንዱ ወንድም ሲወጣ “ከእንግዲህ በአፋችሁ አታንሡት” አለን። እኛም አላነሣነውም። የግድ ሲሆን “ያ በሽታ” እንል ነበር።

ልጄ ሐኪም ቤት ለመሄድ እሺ ያለው ጣቢያው ውስጥ ጆንያ ሲያነሣ ዐይኑ ጨልሞበት ከወደቀ በኋላ ነው። በባጃጅ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሰው ያከብራል። ደም አስመርምሮ “ደምህ በጣም ወርዷል” አለው። ከዚያ እየጻፈ ጠየቀው፤

“ከቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ወይም የሆድ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ?”

“የለም” አለ ልጄ።

“አባት አለህ?”

“አርፏል።”

“በምን?”

“ጨጓራ ነበረበት።”

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ክንዴን ያዘኝ፤ ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ሐኪሙ ወረቀቱን ስለሚያይ ይህን አላየም። ሙሉ ሰው የሆነውን ልጄን በሐኪም ፊት ውሸታም ላደርገው አልፈለግኩም፤ ከወጣን በኋላ አነጋግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

“እንግዲህ በአንተ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም አሜባ ነው” አለው ሐኪሙ። መድኃኒት አዘዘለት። “ካልቆመ ግን እንዳትቀር፤ ተመለስ።”

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ “ዋሸኸው” አልኩት።

“አልዋሸሁም። ተቆርጧል! አሜን ብለሽ የለም እንዴ? አሁን ተነሥቼ ‘የአባቴ በሽታ ነው’ ብል የተቆረጠውን በገዛ አፌ መልሼ መቀጠል አይደለም?”

“ሐኪሙ የጠየቀህ ስለ አባትህ ነው።”

“እማዬ፣ እምነትሽ የት ሄደ?”

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየንና “እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እኔን እንዳትጨምሩኝ” አለ። ልጄ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መድኃኒቱን ጨረሰ። “ቆመልህ?” ስለው “እየተሻለኝ ነው” ይላል። ልብሱን ራሱ ማጠብ ስለ ጀመረ እንዳልቆመ ዐወቅኩ። ወደ ሐኪሙ እንመለስ ስለው “ለቀማው ይለቅ” አለኝ። የአባቱም ነገር እንዲሁ ነበር፤ ለቀማው ይለቅ፣ ከዚያ በዓሉ ይለፍ፣ ከዚያ መንገዱ ይድረቅ። ብቻዬን ሄጄ ለሐኪሙ ልንገረው ብዬ ጫማዬን ካደረግኩ በኋላ ተመልሼ የተቀመጥኩበት ጠዋት አለ። እኔ ብነግረውስ፣ ልጄን እጁን ይዞ የሚወስደው ማን ነው? ለጸሎት ስንበረከክ ቃል አጣለሁ። “ጌታ ሆይ፣ እሱ በአንተ ስም ነው እምቢ የሚለኝ፤ አንተው ንገረው” እላለሁ። ጸሎቴ ያው ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል የባለቤቴ እህት ከሸኮ መጣች። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ቀደም ብሎ ነው የሞተባት። የእሷና የእኔ የእናት ቋንቋ ለየቅል ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ ስትስቅና ስትቆጣ ግን ወደ ራሷ ቋንቋ ትገባለች። ጎደሬና ኮረሪማ ይዛ ገና ከበር ስትገባ ልጄ ወደ ሥራ ሊወጣ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችው።

“አንተ! ቡናውን ነው የምትመዝነው ወይስ ቡናው አንተን ነው የሚመዝንህ?”

“አክስቴ፣ ለቀማ እኮ ነው።”

“ለቀማ ቡናውን ይጨርሳል እንጂ ሰውን ይጨርሳል? ና እስቲ ሳመኝ። አጥንት ነው የሳምኩት!”

እየሳቀ ወጣ። እኛ ጓሮ ተቀምጠን ጎደሬ መላጥ ጀመርን።

“ምን ሆኖ ነው?” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ሆዱን ነው።”

“ሆድ ከሆነ ምን ያስፈራሻል? እኔ አልቆልኛል ተብዬ አልነበረም እንዴ? ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ጅማ ወስዶኝ ትርፍ አንጀቴን አወጡልኝ፤ ይኸው እንዳየሽኝ ነኝ።” ዙሪያውን ቃኘችና ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። “እንዴት አድርገው እንደሰፉኝ እይ። ጆንያ የሚሰፋ ሰው ይሻላል።”

ያኔ አብሬያቸው አልሄድኩም ነበር፤ የልጄ ታናሽ እህት፣ ትንሿ ልጄ፣ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ጠባሳውን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከእምብርቷ በላይ ተነሥቶ በመሀል ሆዷ እስከ ታች ይወርዳል።

ትንሿ ልጄ ባለፈው ዓመት ትርፍ አንጀቷ ተቆጥቶ በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል። እያጠብኳት ጠባሳውን ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ። በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ያለ፣ ከጣቴ የማይረዝም መስመር ነው።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

“እትዬ፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ሰጥተውሽ ነበር?”

“ምን መድኃኒት? ግሉኮስ ነው እንጂ። ጉልበት እንዲሆንሽ ብሎ ወንድሜ አዲስ አበባ እያመላለሰ አሰጠኝ። ደግሞ እሱ ግሉኮስ ክፉ ነው! አስመለሰኝ፤ ጠጉሬ እንኳ ሳስቶ ነበር።”

ሚዛን ውስጥ ግሉኮስ ጠፍቶ አይደለም። ባለቤቴ እህቱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመላለስ “የጀመረውን ሐኪም ላለመልቀቅ ነው” ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜዋለሁ። አሁን ግን ገባኝ። እዚያ ጅማ ያለው ኮሪደር ላይ እሱ ከእኛ በፊት ቆሞበታል። ሐኪም ለብቻው ጠርቶ ነግሮታል፤ ወጥቶም ለእህቱ ፊቱን አስተካክሎ “ትርፍ አንጀት ነው” ብሏታል። እኔና ልጄ ስንወጣ ፊታችንን አይቶ ምንም ያልጠየቀን ለዚህ ነው። ሆዱን ሲይዘው፣ “ጨጓራ ነው” ሲለኝም ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ተናድጄ እንደሆነ አላውቅም። ያን በኋላ ለጌታ ነግሬዋለሁ። በዚያ ሰዓት ከፊቴ የነበረችው እትዬ ናት፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ፊቴን አስተካክዬ ጎደሬዬን መላጥ እችል ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።

“እትዬ፣ ይሄ ትርፍ አንጀት አይደለም” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?” አለችና ሳቀች።

የትንሿን ልጄን ጠባሳ በራሴ ሆድ ላይ በእጄ እያመለከትኩ ነገርኳት። ያ ግሉኮስ የካንሰር መድኃኒት እንደ ነበርም ነገርኳት። አሁን አልሳቀችም። ቀሚሷ ላይ እጇን አድርጋ ቆየች።

“ወንድሜ ዋሸኝ?”

“እንዳትደነግጪ ብሎ ነው።”

“አሁንስ አልደነገጥኩም?” ጮኸች። ከዚያ በራሷ ቋንቋ ብዙ ተናገረች፤ የገባኝ “ግሉኮስ” የሚለው ብቻ ነው። እያለቀሰች ሳቅ ያዛት። “ያ ሰው! ግሉኮስ ብሎኝ! እኔ እኮ ጎረቤቶቼን ሁሉ ‘አዲስ አበባ ያለው ግሉኮስ ይሻላል’ ብያቸዋለሁ!”

አቀፍኳት። ስትረጋጋ “ይሄ ልጅስ?” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ የጠየቀውን፣ ልጄ የመለሰውን፣ ባጃጁ ውስጥ የተባባልነውን።

ልጄ አመሻሽ ላይ ሲገባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

“ተቆርጧል ትላለህ አሉ።”

ወደ እኔ ተመለከተ።

“አክስቴ፣ እሱ የእምነት ነገር ነው።”

“የእኔም የእምነት ነገር ነው። ና እጅህን ስጠኝ።” እጁን ይዛ ቀሚሷ ላይ፣ ሆዷ መሀል ላይ አደረገችው። “ንካ። አትፈር፤ በጀርባዬ ያዘልኩህ ነኝ። ይሄን መስመር አገኘኸው? የአባትህ ሆድ ውስጥ የነበረው እኔም ሆድ ውስጥ ነበር። ትርፍ አንጀት አልነበረም። ቀድሞ ተገኘና ተቆረጠ። እኔ ነኝ የተቆረጥኩት! ያለሁትም ለዚህ ነው። ጌታ ሰምቷችሁ ቢሆንስ? የሚቆርጠው በምን እንደሆነ አንተ ልታዘው ነው?”

ልጄ እጁን አላነሣም። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ድምፁ በረታና የምንሰማው እሱን ብቻ ሆነ።

“እኔ ፈርቼ ነው” አለ በመጨረሻ። “ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ።”

“ዐውቃለሁ፣ የኔ ጌታ” አልኩት።

በነጋታው ሦስታችን ባንድ ባጃጅ ተጣበን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ልጄ ራሱ ተናገረ። አባቱ በትልቁ አንጀት ካንሰር እንደ ሞተ፣ አጎቱ በኪንታሮት ስም እንዳለፈ፣ አክስቱ እንደተሠራችና እንዳለች። “ያ በሽታ” ሳይል በስሙ ጠራው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና የእትዬን ጠባሳ እንዲያይ ፈቃድ ጠየቃት። በስንት ዓመታቸው እንደታመሙ አንድ በአንድ ጠየቀን።

“ይህን ነበር ማወቅ የፈለግኩት” አለ። ተቆጥቶ አይደለም። “ይሄ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። የሚወርስም አለ፣ የማይወርስም አለ። የወረሰ ሁሉ ደግሞ አይታመምም። ግን በእንዲህ ያለ ቤት ዕድሜው ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍም። አንጀትህ በካሜራ መታየት አለበት። ለቀማው እስኪያልቅ አይጠበቅም።”

“እርግማን ነው?” አለው ልጄ በቀስታ።

ሐኪሙ ብዕሩን አነሣ። “እኔ የማውቀው ቀድሞ ከተገኘ እንደሚቆረጥ ነው” አለው።

እትዬ ወደ ሸኮ ተመለሰች፤ እኔና ልጄ ወደ ጅማ ሄድን። አንጀቱ እንዲጠራ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጡት፤ አልጋ በያዝንበት ቤት ሲጠጣና ሲመላለስ ዋለ። በነጋታው አስገቡት። ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው። አግዳሚ ወንበሩም ያው ነው። ባለቤቴ የተቀመጠበት ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። መጸለይ አቃተኝ፤ “አንተ” ብቻ እያልኩ ቆየሁ።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ “የልጁ እናት?” አለች። ተነሣሁ። “ለብቻ ላነጋግርዎት” አለችኝ።

ምን ማለት እንደሆነ ዐውቃለሁ።

“ልጄ፣ ለእሱ ንገሪው” አልኳት። “እኔ አጠገቡ ልቁም።”

ትንሽ አየችኝና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። ልጄ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። አንጀቱ ውስጥ ያበጡ ነገሮች እንደ ነበሩ፣ አንዱ ትልቅና የሚደማ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም እዚያው እንዳነሣቻቸው ነገረችው። ወደ ካንሰር ተለውጦ እንደሆነ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው አለችን።

ውጤቱ እስኪመጣ ሚዛን ተመልሰን ጠበቅን። ልጄ ወደ ጣቢያው አልሄደም። ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው ልጽፈው አልችልም። ቤት ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣ ነበር።

ለውጤቱ ጅማ ሐኪሟ ዘንድ ስንቀርብ ልጄ ቀድሞ ገባ፤ እኔ ከኋላው። ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች።

“ገና ካንሰር አልሆነም ነበር” አለችው። “መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ጥቂት ቢቆይ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። ግን ሥሩ ድረስ ተቆርጧል።”

“አሜን” አለ ልጄ።

ሐኪሟ ሳቀች። በየዓመቱ ተመልሶ እንዲታይ፣ ዕድሜ ልኩንም እንዳይተው ነገረችው። እህቱ ስታድግ መታየት እንደሚኖርባት፣ የአጎቱና የአክስቱ ልጆች ግን አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው ነገረችን። “ንገሯቸው” አለች። “ሳይታመሙ።”

ሚዛን የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ልጄ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። እኔ ለእትዬ ደወልኩና የምናደርገውን ነገርኳት። ተንበርክኬ አመሰገንኩ፤ ያን ዕለት ቃል አላጣሁም።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቴፒ ተነሣሁ። እትዬ ሸኮ መንገድ ዳር ኮረሪማ ይዛ ትጠብቅ ስለ ነበር አስቆምኩላት። ቴፒ እስክንደርስ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት የግሉኮሱን ታሪክ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔ በመስኮት አያለሁ።

የባለቤቴ ወንድም ቤት ስንደርስ ገና ማለዳ ነበር። ትልቁ ልጁ ግቢውን ሲጠርግ አገኘነው። ሁለታችንን በዚያ ሰዓት ደጅ ቆመን ሲያየን መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። በማለዳ እንዲህ ተጣምሮ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣው መርዶ ነው።

“ማን ሞተ?” አለን።

“ማንም አልሞተም” አልኩት። “ለዚህ ነው የመጣነው። ወንድሞችህንና እህቶችህን ጥራቸው።”